ነስርና ተቅማጥ በአንድነት ሲታዩ፦ መንስኤዎቻቸውና መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ነስርና ተቅማጥ እያንዳንዳቸው የተለመዱ ሕመሞች ናቸው። በበጋ አፍንጫው ደምቶ የማያውቅ ልጅ፣ በክረምት ሆዱ ተበላሽቶ የማያውቅ ሰው በአዲስ አበባ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲታዩ ግን ቤተሰብ ይደነግጣል፤ በተለይም የወረርሽኝ ወሬ በሚነገርበት ወቅት ድንጋጤው ይበረታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንድ መንስኤ ሁለቱንም ያመጣቸዋል፤ ከእነዚህ መንስኤዎች መካከልም ቀን የማይሰጡ አሉ። ልዩነቱን የሚያሳየው የደሙ ወይም የተቅማጡ ብዛት ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ትኩሳት መኖር አለመኖሩ፣ ቀጥሎም ሕመምተኛው ባለፉት ሳምንታት የት እንደ ነበረ፣ ከማን ጋር እንደ ዋለና ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ መታወቅ ይኖርበታል።

አራዳና ፒያሳ ይህን ጉዳይ ከታሪክ ያውቁታል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ፣ በሕዝቡ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የቀረው፣ በዚያው ጊዜ ዓለምን ሲያዳርስ የነበረው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ነበር። ዛሬ ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤቱ ግርጌ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርድበት አካባቢ ያኔ የከተማዋ መናኸሪያ ነበር። ገበያው ገና ወደ መርካቶ ስላልተዛወረ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም አዲስ አበባ መድረስ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልሞላውም። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በበሽታው ታመው ድነዋል። በከተማዋ የሞተው ሰው ብዛት በዘመኑ ወደ 10,000 ተገምቷል፤ በወቅቱ ለነበረችው አነስተኛ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻም።

የዚያ ዘመን ኢንፍሉዌንዛ በልዩ ልዩ አገሮች ሐኪሞች ዘንድ ከተመዘገቡለት ምልክቶች አንዱ ብርቱ ነስር ነው። ትኩሳት፣ የራስ ምታትና ሳል ከያዛቸው ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ከአፍንጫቸው ደም ይፈስሳቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ያስመልሳቸውና ያስቀምጣቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ በሽታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዳንድ ሥፍራ ታይፎይድ፣ በሌላው ኮሌራ፣ በሌላው ደግሞ ደንጊ ተብሎ በስሕተት ተሰይሟል። የተማሩና ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ምልክቱን ብቻ አይተው ከተሳሳቱ፣ ዛሬ አንድ ቤተሰብ በምልክት ብቻ የበሽታውን ስም አውቃለሁ ብሎ መድኃኒት ለመግዛት መውጣቱ ምን ያህል አሳሳች እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ የሚታወስ ነው። ቆሻሻውን መጥረጉ ዛሬም የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ጭሱ ግን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን አይገድልም፣ ይልቁንም አፍንጫን አድርቆ ለነስር ያጋልጣል፣ አስም ያለበትንም ሰው ያስጨንቃል።

ትኩሳት በሌለበት ጊዜ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱና ማለዳው ብርዳማ ነው። በአፍንጫ ውስጥ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ፊተኛ ክፍል ላይ ስስ የደም ሥሮች ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ ከነስር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ቦታ ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጉንፋን ጊዜ አዘውትሮ መናፈጥ ወይም ልጆች በጣታቸው መነካካታቸው ይበቃዋል። በዚሁ ሰሞን ያልበሰለ ወይም በንጽሕና ያልተያዘ ምግብ ተበልቶ ሆድ ቢበላሽ ሁለቱ ምልክቶች ተገናኙ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ትኩሳት ከሌለ፣ ሕመምተኛው የሚበላና የሚጠጣ ከሆነ፣ ነስሩም ተይዞ የሚቆም ከሆነ በቤት ውስጥ በሚደረግ እንክብካቤ በጥቂት ቀናት ይሻለዋል።

ነስር ራሱ ሆድን የሚያውክበትም መንገድ አለ። ደም የሚነስረው ሰው በአገራችን እንደ ተለመደው ራሱን ወደ ኋላ ቀና ሲያደርግ ደሙ በጉሮሮው ወርዶ ወደ ጨጓራው ይገባል። የተዋጠ ደም ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዴም ያስመልሳል፤ በአንጀት ውስጥ ሲያልፍም ሰገራን ያላላል፣ መልኩንም እንደ ሬንጅ ያጠቁረዋል። እንዲህ ያለው ሰገራ ብዙ ነስር ከተከሰተ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ቢታይ የሚጠበቅ ነው። ነስሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ወይም ምንም ነስር ሳይኖር ሰገራው ከጠቆረ ግን ደሙ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ከወንዝ ወይም ከምንጭ በአፍ ተደፍቶ መጠጣት በተለመደባቸው የገጠር አካባቢዎች ደግሞ ሌላ መንስኤ አለ፤ እርሱም አልቅት ነው። አልቅት ከውሃው ጋር ገብቶ በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ ሲጣበቅ ደም ይመጥጣል። ምልክቱም ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ቀን ከቀን የሚመላለስ ነስር ነው። ያው ያልተጣራ ውሃ ጃርዲያንና ሌሎች የተቅማጥ ተሕዋስያንን ይዞ ስለሚገባ፣ ከአንድ ምንጭ የጠጣ ልጅ በሁለቱም ሊታመም ይችላል። ለክረምት ዕረፍት ወደ ዘመድ አገር ሄዶ የተመለሰ የከተማ ልጅ ነስር አልቆም ሲለው ይህንን ለሐኪሙ መንገር ይገባል። አልቅቱን በቤት ውስጥ ጎትቶ ለማውጣት መታገል ደሙን ያብሳል።

ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚያሻው የመድኃኒት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው አይጠረጥረውምና። በአገራችን በልጅነት ጊዜ በሚከሰት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቧንባቸው (ቫልቫቸው) የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱም መካከል ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላቸውና ሌሎችም ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ። የዋርፋሪን መጠን በደም ምርመራ እየታየ የሚወሰን ነው፤ ጥቂት ሲበዛ ያደማል። እንዲህ ያለ ሰው ተቅማጥ ሲይዘውና መብላት ሲያቆም፣ ሰውነቱ ከምግብ የሚያገኘው ቫይታሚን ኬ ስለሚቀንስ የመድኃኒቱ ኃይል ይጨምራል። በዚያ ላይ «አሜባ ነው» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ቢውጥ፣ ይህ መድኃኒት ዋርፋሪን ከሰውነት የሚወገድበትን መንገድ ስለሚያዘገይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነስር፣ የድድ መድማት፣ ከዚያም የባሰ የውስጥ ደም መፍሰስ ሊደርስበት ይችላል። ኮትሪሞክሳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲንም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። በቸርችል ጎዳናም ሆነ በየትኛውም ሠፈር ወደ መድኃኒት ቤት ለተቅማጥ መድኃኒት ሊገዛ የገባ ሰው፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ይህን ሳይጠየቅ አስቀድሞ መናገሩ ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ደም እንዳይረጋ በማድረግና ጨጓራን በማቁሰል ነስርንም የሆድ ሕመምንም የማባባስ ጠባይ አላቸው።

የጉበት በሽታ፣ ለወራት የቆየና ምግብ ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ የሚያደርግ ተቅማጥ፣ እንዲሁም የደም ሕዋሳት ሕመሞች ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ሊያሳዩ ይችላሉ። እነዚህ ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው፤ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ በቆዳ ላይ ያለ ምክንያት የሚወጣ ብልዝ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን አብሮ ይታያል። በሕፃናት ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥን ተከትሎ ልጁ ከገረጣ፣ ሽንቱም ከቀነሰ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ትኩሳት ሲጨመርበት

ትኩሳት ያለበት ሰው ሲነስረውና ሲያስቀምጠው ነገሩ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ ብቻ መቆየት፣ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋጥ ጊዜ ያባክናል፤ ጊዜው ደግሞ ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩትም ውድ ነው።

በከተማ ውስጥ በብዛት የሚጠረጠረው ታይፎይድ፣ ማለትም የአንጀት ተስቦ ነው። ትኩሳቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ አንዳንዱን ሆድ ያደርቀዋል፣ አንዳንዱን ያስቀምጠዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ነስር የሚታይባቸውም አሉ። እዚህ ላይ መነገር ያለበት ነገር ቢኖር «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ በአንድ ወረቀት ላይ የሚሰጠው ውጤት ሁልጊዜ አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ሕመም ምክንያትም በሽታ ያለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ጀምሮ በሦስትና በአራት ቀን ለውጥ ያላየ ሰው መድኃኒት በመቀያየር ፈንታ ተመልሶ መመርመር ይኖርበታል።

በተጨናነቀ መኖሪያ፣ ልብስ ለመለወጥና ገላ ለመታጠብ በማይመችበት ኑሮ ውስጥ ደግሞ በቅማል የሚተላለፍ የሚያገረሽ ትኩሳት አለ፤ ግርሻ በመባልም ይታወቃል። ይህ በሽታ ከብዙ የዓለም ክፍል ሲጠፋ በኢትዮጵያ የቀረ፣ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ለረጅም ዘመን ያከሙት ነው። በድንገት የሚጀምር ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የራስና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ነስር፣ አንዳንዴም ትውከትና ተቅማጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ምልክቶቹ ናቸው። ትኩሳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቅና ሰውየው ዳንኩ ሲል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ ርካሽና ፍቱን ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው መጠን በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል በጤና ባለሙያ ጥበቃ ሥር እንጂ በቤት ውስጥ የሚወሰድ አይደለም። በጎዳና ላይ የሚኖሩና በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች በዚህ ሕመም ቀድመው የሚጎዱ ስለ ሆኑ፣ በደጅ ተኝቶ የሚነስረውና የሚያተኩሰው ሰው ያየ መንገደኛ አምቡላንስ መጥራቱ የሚገባ ነው።

ከመተማና ከሑመራ የሰሊጥ እርሻ ሥራ የተመለሰ ሰው ታሪኩ ለብቻው ይታያል። በእነዚያ ቆላማ አካባቢዎች የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር፣ ሰውየው ወደ ደጋ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሊነሣበት ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ ጎን በኩል የጣፊያ ማበጥ፣ ነስርና ተቅማጥ በአንድነት ከታዩ ካላዛር መጠርጠር አለበት። ያልታከመ ካላዛር አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ የታከመ ግን ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሕክምናው ሲሰጥ ቆይቷል። በአዲስ አበባ የሚታይ ሕመምተኛ ቆላ ወርዶ እንደ ነበር ካልተናገረ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ወባ ሲጠና፣ በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. በወረርሽኝ መልክ የታየው ደንጊ፣ በጉራጌ ዞን በ2012 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ቢጫ ወባም እንዲሁ ትኩሳትን ከደም መፍሰስና ከሆድ ሕመም ጋር ሊያመጡ ይችላሉ። ሦስቱም በትንኝ የሚተላለፉ ናቸው፤ ለቢጫ ወባ አስተማማኝ ክትባት አለው። ደንጊ በተጠረጠረ ጊዜ ለትኩሳቱ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይወሰድም፤ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱን አረጋገጠ። የነስርና የተቅማጥ መገናኘት በሕዝቡ ዘንድ ፍርሃት ያሳደረው ከዚህ ወዲህ ይበልጥ ነው፤ ስለዚህም አካሄዱን በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። በማርበርግ የተያዘ ሰው ምልክት የሚያሳየው ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሽታው በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በብርቱ የራስ ምታትና በጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና ትውከት በሦስተኛው ቀን ገደማ ይከተላሉ። ደም ከአፍንጫ፣ ከድድና ከሌላ የሰውነት ክፍል መፍሰስ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ነው፤ በሁሉም ሕመምተኛ ላይም አይታይም። እንግዲህ ያለ ትኩሳት በመጀመሪያው ቀን የሚነስረው ሰው የማርበርግን ሥርዓት አልተከተለም ማለት ነው። በአንጻሩም ደም እስኪፈስ መጠበቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ተቅማጡና ትውከቱ ከደሙ አስቀድመው ለሌላ ሰው ያስተላልፋሉና።

ማርበርግ እንደ ኢንፍሉዌንዛ በእስትንፋስ በገበያ መካከል የሚዛመት አይደለም። የሚተላለፈው የታመመን ወይም የሞተን ሰው ደም፣ ትውከት፣ ሰገራ፣ ላብና ሌላ ፈሳሽ በመንካት፣ እንዲሁም እነዚህ በነኩት ልብስና ዕቃ ነው። የቫይረሱ መኖሪያ የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ በመሆኑ ወፎቹ የሚሰፍሩበት ዋሻ መግባትም ያጋልጣል። ስለዚህ በፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ስለ ነሰረው ሕዝቡ መሸሹ አግባብ የለውም፤ ራስን በፕላስቲክ ጠብቆ መርዳት ይቻላል። ይልቁንም አደጋው ያለው በቤት ውስጥ፣ በፍቅር በሚያስታምመው ዘመድ እጅ ላይና አስከሬን በሚታጠብበት ጊዜ ነው። ሬሳን አጥቦ ገንዞ መቅበር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ታላቅ ሥርዓት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን ይህ ሥራ ለሠለጠነ ቡድን መተው ይኖርበታል፤ ቤተሰቡ ጸሎቱን ራቅ ብሎ ያደርሳል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እርዳታ

የነሰረው ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ራሱን ወደ ፊት ጥቂት ዘንበል አድርጎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች፣ በሁለት ጣት ጨምቆ በአፉ እየተነፈሰ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዝ። በየደቂቃው እየለቀቁ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ወደ አፉ የመጣውን ደም ይትፋ እንጂ አይዋጥ። አናት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ያቀዘቅዛል እንጂ ደሙን አያቆምም። ከ30 ደቂቃ በላይ የቀጠለ ነስር ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

ለተቅማጡ ዋናው መድኃኒት የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። አንዱን ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መጠጣት፣ የተረፈውንም ከ24 ሰዓት በኋላ መድፋት ይገባል። ለሕፃናት የጡት ወተት አይቋረጥም፤ በጤና ባለሙያ የሚታዘዘው ዚንክም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥን የሚያቆም ክኒን ገዝቶ መዋጥ አይገባም፤ ተሕዋስያኑን በአንጀት ውስጥ ያቆያቸዋልና።

አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ደምና ሰገራ የነካውን ጨርቅ በባዶ እጅ አይንካ፤ ጓንት ከሌለ ያልተቀደደ ፕላስቲክ ከረጢት በእጁ ያጥልቅ፣ ዕቃውንና ወለሉን በበረኪና ያጽዳ፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ሕመምተኛው የራሱ ፎጣ፣ ኩባያና ከተቻለ የራሱ መጸዳጃ ይኑረው።

ትኩሳት ያለው ሕመምተኛ ነስርና ተቅማጥ በአንድነት ከታዩበት፣ በተለይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወረርሽኝ ካለበት አካባቢ ከመጣ፣ ሕመምተኛ ካስታመመ ወይም ቀብር ላይ አስከሬን ከነካ፣ በተጨናነቀ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት ስልክ ይደወል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ8335፣ የጤና ሚኒስቴር በ952፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛሉ። ደዋዩ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ተቅማጡና ነስሩ የትኛው እንደ ቀደመ፣ ሕመምተኛው የሄደበትን አገርና የሚወስደውን መድኃኒት ስም ይናገራል፤ በመስመሩ ላይ ያለው ባለሙያም በቤት ይቆይ ወይም ተሽከርካሪ ይላክለት የሚለውን በዚያው ይነግረዋል።